ቫሎን-ፖን-ዳርክ፡ ወንዝ የቀረጻት፣ ልክ ማወቅ የጠበቃት ትንሽ ከተማ

በደቡባዊ ፈረንሳይ፣ አርዴሽ በተሰኘው አውራጃ፣ በወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ አለች፤ ቫሎን-ፖን-ዳርክ ትባላለች። የቋሚ ነዋሪዎቿ ቁጥር ከ2 ሺህ 500 አይበልጥም። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ፀሐይ በሚጠነክርባቸው ወራት ሕዝቧ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ታንኳ የሚቀዝፈው፣ ገደል የሚወጣው፣ በእግሩ የሚጓዘው፣ ዋሻ የሚጎበኘው ሁሉ ወደ እርሷ ይጎርፋል።

ከተማዋ የምትኖረው ከእንግዶች በምታገኘው ገቢ ነው። ከሁሉ የላቀውን ሀብቷን ግን ለማንም ጎብኝ ከፍታ አታውቅም። የቀረውንም ቢሆን በልክ ታካፍላለች። ይህ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ወደ ሥፍራው ለሚጓዝ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በአካባቢው ቅርስና የተፈጥሮ ሀብት ላለው ማኅበረሰብ ሁሉ ይጠቅማል።

ወንዙ

አርዴሽ ወንዝ የሚነሣው በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ማዛን ከተባለ ደናማ ተራራ ነው። 125 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በፖን-ሳንት-ኤስፕሪ ከተማ አቅራቢያ ከታላቁ የሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በላይኛው ክፍሉ በተራሮች መካከል እየተንደረደረ ይወርዳል። ወደ ታች ሲደርስ ደግሞ የኖራ ድንጋይ የሆነ ሰፊ አምባ ያገኛል። የኖራ ድንጋይ በውኃ ቀስ በቀስ የሚሟሟ በመሆኑ፣ ወንዙ በብዙ ሺህ ዘመናት ውስጥ አምባውን እየሰነጠቀ ጥልቅ ሸለቆ አበጅቷል። ከምድር ሥር የሰረገው ውኃም ድንጋዩን እየቦረቦረ ቁጥራቸው የበዛ ዋሻዎችን ፈጥሯል። አካባቢው በሸለቆውና በዋሻዎቹ የሚታወቀው በዚሁ በአንድ ምክንያት ነው።

ቫሎን-ፖን-ዳርክ የተቀመጠችው በዚህ ሸለቆ መግቢያ ላይ ነው። ከእርሷ በታች እስከ ሳን-ማርታን-ዳርዴሽ መንደር ድረስ 30 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ወንዙ በገደሎች መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል። የገደሎቹ ከፍታ በአንዳንድ ሥፍራ 300 ሜትር ይደርሳል።

የድንጋይ ድልድዩ

ከከተማዋ መሐል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲባል፣ ለከተማዋ የስሟን ግማሽ የሰጣት ፖን ዳርክ ይገኛል። ሰው ያልገነባው፣ ውኃ የጠረበው የድንጋይ ድልድይ ነው። ቅስቱ ከወንዙ በላይ 54 ሜትር ያህል ከፍታ፣ 60 ሜትር ያህል ደግሞ ስፋት አለው። ወንዙም በሥሩ ሰተት ብሎ ያልፋል።

ወንዙ በጥንት ዘመን በዚህ አልነበረም የሚያልፈው። በስተግራ ያለውን ሜዳ በሰፊው ዞሮ ነበር የሚመለሰው። ዙሪያ ጥምጥም የሚሄደው ውኃ በቀጭኑ የድንጋይ ግድግዳ ላይ ያለማቋረጥ እየገፋና እየሰረሰረ በመጨረሻ በሳው። ከዚያ ወዲህ ረጅሙን መንገድ ትቶ በቀዳዳው ማለፍ ጀመረ። የድሮው የወንዝ መውረጃ ዛሬም እንደ ፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ደረቅ ሜዳ ሆኖ በግልጽ ይታያል።

ከቅስቱ በላይና በታች አሸዋና ጠጠር ያለባቸው የወንዝ ዳርቻዎች አሉ። ቤተሰቦች በሙቀት ወራት በዚያ ይዋኛሉ፣ ያርፋሉ። ቅስቱን በጸጥታ ማየት የሚሻ ሰው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ቢሄድ ይመረጣል።

በታንኳ

የአካባቢው ዋነኛ የመዝናኛ ሥራ ካኑና ካያክ በተባሉት ቀላል ታንኳዎች ወንዙን ተከትሎ መውረድ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ታንኳ የሚያከራዩ ብዙ ድርጅቶች አሉ። እንግዳው ከላይ ተነሥቶ ከወንዙ ጋር ይወርዳል፤ ከመድረሻው ደግሞ ድርጅቱ በመኪና ወደ መነሻው ይመልሰዋል።

እንደ አቅምና እንደ ጊዜ የሚመረጡ መንገዶች አሉ። አጭሩ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በድልድዩ ሥር አልፎ ብዙም ሳይርቅ ያበቃል። ጥቂት ሰዓታት ስለሚበቁት ለጀማሪዎችና ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ይመቻል። ሸለቆውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያቋርጠው ረጅሙ ጉዞ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በአንድ ቀን ለመጨረስ ብርቱ ክንድ ይጠይቃል፤ በሁለት ቀን የሚጨርሱትም ብዙ ናቸው።

በመንገዱ ላይ ውኃው የሚፋጠንባቸው ሥፍራዎች አሉ። ከድልድዩ ጥቂት ቀደም ብሎ በንጉሥ ሻርለማኝ ስም የተጠራው ፈጣን ውኃ ይገኛል። ከድልድዩ በኋላ ደግሞ በፈረንሳይኛ «ጥቁር ጥርስ» የተባለ፣ ዐለት በመሐሉ የቆመበት ሌላ ፈጣን ውኃ አለ። ታንኳ የሚገለበጠው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሥፍራዎች ነው። በመሆኑም የሕይወት አድን ጃኬት ማጥለቅና ከእግር የማይወልቅ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋና የማይችል ሰውና ከ7 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በታንኳ አይሳፈሩም።

የሸለቆው ሕግ

ሸለቆው እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተከለለ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በውስጡ ቢቨር የተባለው ግድብ ሠሪ እንስሳ በወንዙ ዳር ይኖራል። በገደሉ ላይ ደግሞ በፈረንሳይ ምድር እጅግ ከተመናመኑት አዕዋፍ አንዱ የሆነው የቦኔሊ ንስር ጎጆውን ይሠራል። ይህ ንስር ጎጆው አጠገብ ሰው ከተመላለሰ እንቁላሉን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። በመራቢያው ወራት ሰው ወደ ጎጆው እንዳይቀርብ የሚደረገውም ስለዚሁ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሸለቆው ውስጥ በፈለጉበት ቦታ ድንኳን ተክሎ ማደር አይቻልም። ለማደር የተፈቀዱት ጎ እና ጉርኒዬ የተባሉ ሁለት ሥፍራዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ቦታውም አስቀድሞ መያዝ አለበት። እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ምክንያቱም በበጋ ደረቁ ቁጥቋጦ በአንዲት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል። ቆሻሻ የያዘ ሰው ይዞት ይወጣል። ታንኳዎችም በተወሰነላቸው ሰዓት ከሸለቆው መውጣት ይጠበቅባቸዋል፤ ሌሊቱ የእንስሳቱ ነው።

በእግር፣ በብስክሌትና በመኪና

ውኃ የማይደፍር ሰውም ሸለቆውን የሚያይበት መንገድ አለው። ከገደሉ አናት ላይ ከቫሎን-ፖን-ዳርክ እስከ ሳን-ማርታን-ዳርዴሽ የሚሄድ የመኪና መንገድ ተዘርግቷል። በየመንገዱ ዳር መኪና አቁሞ ወደ ታች ማየት የሚቻልባቸው የመመልከቻ ሥፍራዎች ተዘጋጅተዋል። ሰር ደ ቱር ከተባለው መመልከቻ ላይ ሆኖ ወንዙ አንድን ጉብታ ከብቦ ሲጠማዘዝ ማየት ይቻላል። ማድሌን ከተባለው ላይ ደግሞ «ካቴድራል» የሚል ስም የተሰጠው ማማ መሰል ዐለት ከሸለቆው ውስጥ ተነጥሎ ቆሞ ይታያል።

በእግሩ የሚጓዝ ብርቱ መንገደኛ በሸለቆው ወለል በሁለት ቀን ሊያቋርጥ ይችላል። መንገዱ ወንዙን በመሻገሪያ የሚያልፍ በመሆኑ ውኃው በጎደለ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከረው። ብስክሌት ለሚመርጥ ሰው ቀድሞ የባቡር ሐዲድ የነበረው መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ምቹ ሆኖ ተሠርቷል። መስመሩ ቮጉዌና ባላዙክ በተባሉት ጥንታዊ የድንጋይ መንደሮች በኩል ያልፋል። ሁለቱም መንደሮች በፈረንሳይ ውብ መንደሮች ዝርዝር ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው።

የማይከፈተው ዋሻ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1994 ዣን ማሪ ሾቬ፣ ኤሊዬት ብሩኔልና ክርስቲያን ኢሌር የተባሉ ሦስት ዋሻ አሳሾች ከፖን ዳርክ አጠገብ ባለው ገደል ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ አገኙ። ድንጋዩን እያነሡ፣ በሆዳቸው እየተሳቡ ገቡ። ከውስጥ የጠበቃቸው የብዙ ሺህ ዘመናት ጸጥታ ነበር።

በዋሻው ግድግዳ ላይ ከ400 በላይ የእንስሳት ሥዕሎች አሉ። አንበሶች ሲያደቡ፣ አውራሪሶች ቀንድ ለቀንድ ሲጋጠሙ፣ ፈረሶች ጎን ለጎን አንገታቸውን ሲያሰግጉ ይታያሉ። ከምድር የጠፉት ማሞዞችና የዋሻ ድቦችም በዚያ አሉ። ቀደምቶቹ ሥዕሎች 36 ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች በከሰሉ ላይ ባደረጉት ምርመራ ደርሰውበታል። ሠዓሊዎቹ የድንጋዩን እብጠትና ስርጉድ የእንስሳው ገላ አካል አድርገው ተጠቅመውበታል። ከ21 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ገደሉ ተንዶ የዋሻውን አፍ ደፈነው። ሥዕሎቹ ሳይጠፉ የቆዩትም በዚሁ ናዳ ምክንያት ነው።

ዋሻው በተገኘ ጊዜ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት ከፊታቸው አንድ መጥፎ ምሳሌ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 የተገኘው የላስኮ ዋሻ ለጎብኝዎች ተከፍቶ ነበር። የብዙ ሰው ትንፋሽ፣ ሙቀትና መብራት ተደማምሮ አረንጓዴ ሽበት በግድግዳው ላይ እንዲበቅል አደረገ። ሥዕሎቹም መጎዳት ጀመሩ። በመጨረሻ ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ተዘጋ፤ የደረሰው ጉዳት ግን ለብዙ ዓመታት ጠባቂዎቹን ሲያስጨንቅ ኖረ።

ስለዚህ የሾቬ ዋሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለጎብኝ አልተከፈተም። የሚገቡት ጥቂት ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች ናቸው፤ እነርሱም በዓመት ውስጥ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ፣ ወለሉን እንዳይረግጡ በተዘረጋ የብረት መተላለፊያ ላይ እየተራመዱ ነው። ወለሉ ላይ የድብ አጥንትና የጥንት ሰው ዱካ ስላለ አንድ እርምጃ እንኳ ጉዳት ያደርሳል። ዋሻው እ.ኤ.አ. በ2014 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

አምሳያው

ዋሻውን መዝጋት ቅርሱን አተረፈ። ሰው ግን ሊያየው ይሻል፤ ከተማዋም ከጎብኝ የምታገኘው ገቢ ያስፈልጋታል። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው በከተማዋ አቅራቢያ ባለ ኮረብታ ላይ የዋሻውን አምሳያ መገንባት ነበር። አምሳያው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2015 ለሕዝብ ተከፈተ። ለግንባታው 55 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ወጪ ሆኗል።

የእውነተኛው ዋሻ ግድግዳ በጨረር መለኪያ ተለክቶ ቅርጹ ተወሰደ። ሠዓሊዎችም ሥዕሎቹን ጭረት በጭረት ደግመው ሣሏቸው። እውነተኛው ዋሻ 8 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ያህል ሲሰፋ፣ አምሳያው ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች አሰባስቦ በ3 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ላይ ያሳያል። ውስጡ ቀዝቃዛና ደብዛዛ ነው። ጎብኝዎች በቡድን ሆነው ከአስጎብኝ ጋር ይገባሉ። በሥፍራው ስለ ጥንቱ ሰው አኗኗር የሚያስረዳ ሙዚየምም አለ።

እውነተኛ ዋሻ ገብቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በአካባቢው ሥዕል የሌለባቸው፣ በውኃ ጠብታ የተሠሩ የድንጋይ አምዶች የሞሉባቸው ዋሻዎች ክፍት ናቸው። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1935 ሮቤር ደ ዦሊ የተባለ ዋሻ አሳሽ የወረደበት የኦርኛክ ዋሻ በግዝፈቱ ይታወቃል።

የመሬቱ ባለቤቶች ጥያቄ

የዋሻው ታሪክ ሁሉ የስምምነት ታሪክ አይደለም። ዋሻው የሚገኝበት መሬት የግለሰቦች ይዞታ ነበር። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል መሬቱን ሲወስድ፣ ካሳው በምን ይተመን የሚል ክርክር ተነሣ። ከላይ የሚታየው ቁጥቋጦ የበቀለበት ድንጋያማ መሬት ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን በዓለም ወደር የሌለው ቅርስ ነው። ባለይዞታዎቹ ካሳው የዋሻውንም ዋጋ ሊያካትት ይገባል ብለው ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራክረዋል። የዋሻው አሳሾችም በስሙና በምስሎቹ አጠቃቀም ላይ የየራሳቸውን ጥያቄ አንሥተዋል።

ይህ ክርክር ከቫሎን-ፖን-ዳርክ ውጭም ትርጉም አለው። ቅርስ የሰው ልጅ ሁሉ ነው ሲባል፣ በዚያ መሬት ላይ የሚኖረው ሰው ድርሻ ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ለጥያቄው ቀድሞ መልስ ያላዘጋጀ አካባቢ በኋላ ረጅም ሙግት ይጠብቀዋል።

የገበሬው ምድር

አርዴሽ ከጎብኝዎች በፊት የገበሬዎች ምድር ነበር፤ ዛሬም ነው። በተራራማው ክፍል ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ዳገቱን በድንጋይ እርከን እየገደቡ ሻቴኝ የሚባል ዛፍ ተክለዋል። ፍሬው በእሾሃማ ቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን፣ ተቀቅሎም፣ ተጠብሶም፣ ደርቆ ተፈጭቶም ይበላል። እህል በማይበቅልበት ተራራ ድሃውን ከረሃብ ያዳነ በመሆኑ ሰዎቹ «የእንጀራ ዛፍ» እንደማለት ያለ ስም አውጥተውለታል። የአርዴሽ ሻቴኝ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በመነሻ ቦታው ስም በሕግ የተጠበቀ ምርት ነው።

በቆላማው ክፍል ወይንና ላቬንደር ይበቅላሉ። ከፍየል ወተት የሚሠራው ፒኮዶን የተባለው ትንሽ ክብ አይብ የአካባቢው መለያ ነው። በበጋ በየመንደሩ በሚቆሙት ገበያዎች እንግዳው ይህንን ሁሉ ከገበሬው እጅ ይገዛል።

የፈረንሳይ ግብርና አባት የሚባለው ኦሊቪዬ ደ ሴርም የዚሁ አውራጃ ሰው ነው። በቪልኑቭ-ደ-ቤርግ ከተማ አቅራቢያ ፕራዴል በተባለው እርሻው ላይ የሞከረውን በሙሉ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1600 ትልቅ የግብርና መጽሐፍ አሳተመ። መሬትን ዝም ብሎ ከማሳደር ይልቅ አፈሩን የሚያበለጽግና ከብት የሚመግብ መኖ እንዲዘራበት መክሯል። የሐር ትል የሚመገበውን የመልበሪ ዛፍ እንዲስፋፋም አድርጓል። ከእርሱ በኋላ አርዴሽ በሐር ምርት የታወቀ ምድር ሆነ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን የትሎቹ በሽታ ገበሬውን አራቆተ። ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በአጎራባቹ አሌስ ከተማ ተቀምጦ፣ ጤነኛውን ዕንቁላል ከበሽተኛው የሚለይበትን ዘዴ አገኘ። 

እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ

አርዴሽ በበጋ በጣም የዋህ ወንዝ ነው፤ በአንዳንድ ሥፍራ ልጅ በእግሩ ይሻገረዋል። ከሴፕቴምበር አጋማሽ በኋላ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከሜዲትራንያን ባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ከሴቬን ተራሮች ጋር ሲጋጭ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከባድ ዝናብ ያወርዳል። ገደላማው ምድር ውኃውን አይዝም። በሰከንድ ጥቂት ሜትር ኩብ ውኃ ይዞ የነበረው ወንዝ በአንድ ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ኩብ ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1890 በደረሰው ጎርፍ ወንዙ በቫሎን አቅራቢያ ከ17 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ብዙ ድልድዮችን ጠራርጎ የሰው ሕይወትም ቀጥፏል።

በመሆኑም ከከተማዋ አጠገብ በሳላቫስ ድልድይ ላይ ያለው የውኃ መለኪያ በየቀኑ ይታያል። ውኃው ከተወሰነው ልክ ካለፈ ታንኳ ማውረድ ይከለከላል። ሰማዩ በከተማዋ ላይ ጠርቶ ሳለ እንኳ በተራራው ላይ ዘንቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎብኝው በዓይኑ ሳይሆን በመለኪያው መመራት አለበት።

ወደዚያ ለሚጓዙ

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ከፓሪስ በፈጣን ባቡር እስከ ቫላንስ ወይም እስከ አቪኞን መድረስ ይቻላል። ቀሪው መንገድ በአውቶቡስ ወይም በመኪና ነው። በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ የጥቂት ቀናት ዕረፍት የሚበቃው ጉዞ ነው።

በኢትዮጵያ ክረምቱ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ በአርዴሽ ሙቀቱ ይጠነክራል። ያ ወቅት ሕዝብ የሚበዛበት፣ ማደሪያ የሚወደድበት ነው። በሜይና በጁን ውኃው በቂ ሲሆን ሕዝቡም ይቀንሳል። የዋሻው አምሳያ መግቢያና በሸለቆው ውስጥ የሚታደርበት ቦታ አስቀድመው ቢያዙ ይመረጣል። ለዋሻው ልብስ ደረብ ማድረግ፣ ለወንዙ የመጠጥ ውኃና የፀሐይ መከላከያ መያዝ ይገባል።

ወደ ቫሎን-ፖን-ዳርክ የሚሄድ ሰው በእውነተኛው የሾቬ ዋሻ አጠገብ አልፎ፣ ሳይገባበት ይመለሳል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ትውልድ ሳይገባበት ይመለሳል። አንበሶቹና ፈረሶቹ ግን ሠዓሊው በተዋቸው ቦታ ከነከሰላቸው ይቆያሉ። ከተማዋም በአምሳያው፣ በወንዟና በገበሬዎቿ ምርት እንግዳ ተቀብላ ትኖራለች።